የፈረንጅ ፊልምና የእረኛ ዋሽንት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አስተማሪ ስሕተቱን መናገር አይወድም ይባላል። እኔ ግን የራሴን ዛሬ ልነግራችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪዬን በዕረፍት ሰዓት በዋሽንት ትዝታ ሲነፋ አገኘሁት። «ይህ የእረኛ ጨዋታ ነው፤ ቦታው ትምህርት ቤት አይደለም» ብዬ ዋሽንቱን ነጠቅሁትና ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ቆለፍሁበት። ልጁ አንዲት ቃል ሳይመልስልኝ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በዚያው ሰሞን አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ፊልም አብረን አየን። ስሙ «ብሮክን ፍላወርስ» ይባላል። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ ያዘጋጀው ሲሆን በ1997 ዓ.ም. በካን የፊልም በዓል ግራን ፕሪ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ዕድሜው የገፋ አንድ ሰው፣ ልጅ እንዳለው የሚናገር ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰውና የጥንት ወዳጆቹን ፍለጋ ይነሣል። ዊንስተን የሚባለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገዱ ሙዚቃ ቀድቶ ይሰጠዋል። ታዲያ ከመኪናው የተሰማው ምን መሰላችሁ? የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ! «የከርሞ ሰው» የተባለውም አለበት።

ሙላቱ ጅማ ተወልዶ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምሮ፣ የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያዋሐደ ሰው ነው። ጃርሙሽ ይህን ሙዚቃ አስቀድሞ ወድዶት ነበርና ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ ያደረገው ዜማው ወደ ፊልሙ የሚገባበት በር እንዲያገኝ ነው። ለታሪኩ ዜማ አልተፈለገለትም፤ ለዜማው ሰው ተፈለገለት እንጂ።

ዋናው ተዋናይ ቢል መሪ ብዙ አይናገርም፤ ፊቱም አይፈታም። የሆዱን የሚያወጣለት ሙዚቃው ነው። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ ፊቱ ሰም፣ ዜማው ወርቅ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የባሕር ማዶ ሰው በር ከፍቶ ያስገባውን ትዝታ እኔ ጎጃም ተቀምጬ ቆልፌበታለሁ!

በማግሥቱ ዋሽንቱን መለስሁለትና በጓደኞቹ ፊት እንዲነፋልን ለመንሁት። ልጁ ዋሽንቱን ተቀብሎ መሬት መሬት እያየ፣ «ይቅርብኝ ጋሼ፤ ረስቼዋለሁ» አለኝ።

እንዳልረሳው ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም እስከ ዛሬ እየጠበቅሁት ነው። እናንተ ግን አንባቢዎቼ፣ በየቤታችሁ የቆለፋችሁበት ዋሽንት ካለ፣ ልጁ «ረሳሁት» ሳይላችሁ መሳቢያውን ክፈቱ።