የግማሽ ቀን እንግዳ

ጊዜን ቆራርሰው የሚሸጡ አገሮች አሉ። ጃማይካ አንዷ ናት። ባረፍንበት ሆቴል መግቢያ ላይ፣ በአስጎብኚዎቹ ጠረጴዛ የተደረደሩት ባለቀለም ወረቀቶች ሁሉ ዋጋቸውን የሚናገሩት በሰዓት ነው። ሙሉ ቀን ይህን ያህል ዶላር፣ ግማሽ ቀን ይህን ያህል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በጀልባ ሁለት ሰዓት ይህን ያህል። የ17 ዓመቷ ልጄ የመረጠችው ግማሽ ቀን የሚለውን ነው፤ በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ በዛፍ አናት ላይ መብረር፣ ከዚያም በፈረስ ወደ ባሕር መውረድ። «አባዬ፣ ዚፕላይኑ ለእኔ፣ ፈረሱ ለአንተ» አለችኝ። ፍርዷ ትክክል ነበር። እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ።

የሆቴሉ ሠራተኞች «እንግዶቻችን» እያሉ ነው የሚጠሩን። አጠራሩ ደስ ይላል። በአማርኛ ሳስበው ግን ቃሉ አልገጥም አለኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ማለት የማይከፍል ሰው ነው። ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል፣ እግሩ የሚታጠብለት፣ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚጠየቀው እህል ከቀመሰ በኋላ የሆነ ሰው። የከፈለማ ደንበኛ ነው። ከዋሽንግተን ዳር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ አምስት ቀን ለማረፍ ሞንቴጎ ቤይ የወረደ፣ ከአገሩ ከወጣ 26 ዓመት የሞላው እንደኔ ያለው ሰው፣ የትኛው ነው? ይህችን ጥያቄ እያመነዠክሁ ነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አነስተኛዋ አውቶቡስ ውስጥ የገባሁት።

አውቶቡሷ የባሕሩን ዳርቻ ይዛ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከሄደች በኋላ ወደ ኮረብታው ታጠፈች። ስንደርስ መጀመሪያ የተሰጠን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ብንወድቅ፣ ብንሰበር፣ ከዚያም የባሰ ቢመጣ ማንንም እንዳንከስ ፈረምን። ቀጥሎ ሚዛን ላይ ወጣን። ከዚያ ወገባችንና ጭናችን በሰፋፊ ጠፍር ታሰረ፤ ቆብ ደፋን፣ የቆዳ ጓንት አጠለቅን። ልጄ እየሳቀች ፎቶ ታነሳኛለች። እኔ የአጋሰስ ጭነት ሲጠበቅ ትዝ ብሎኛል።

የነገሩ አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ዛፎች መካከል የብረት ገመድ ይወጠራል፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ከፍ ይላል። ሰውዬው በጠፍሩ አማካይነት ገመዱ ላይ ከሚሽከረከር መዘውር ጋር ይያያዛል። የቀረውን ክብደቱና ቁልቁለቱ ይሠሩታል። ፍጥነት ሲበዛ ጓንት ባጠለቀ እጅ ገመዱን ከኋላ ጫን ማድረግ ነው። ከፊት የያዘ ጣቱን ለመዘውሩ ይገብራል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮስታሪካ ውስጥ ሳይንቲስቶች የጫካውን አናት ለማጥናት በገመድ ወደ ዛፎቹ ጫፍ መውጣት ጀምረው ነበር። የእነሱ መከራ በኋላ ለቱሪስት መዝናኛ ሆነ።

ልጄ እልል ብላ ሄደች። እልልታውን ከማን እንደተማረችው አላውቅም፤ ምናልባት ሲልቨር ስፕሪንግ በየሳምንቱ ከማይጠፋው ሠርግ ይሆናል። እኔ ተራዬ ሲደርስ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ወጣቱ ሠራተኛ «አትይ፣ ተቀመጥ ብቻ» አለኝ። ተቀመጥሁ። መሬት ከእግሬ ሥር ሸሸች።

መጀመሪያ የሰማሁት የመዘውሩን ፉጨት ነው። ከዚያ ዓይኔን ስገልጥ ቀርከሃው፣ ማንጎው፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሁሉ ከእግሬ በታች ነበር። በሦስተኛው ገመድ ላይ፣ ፍርሃቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ፣ በቅጠሉ መካከል አንድ የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ ታየኝ። ከመድረኩ ስደርስ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። «የድሮ የስኳር ወፍጮ ነው» አለ ወጣቱ፣ መንጠቆዬን እየፈታ።

የዚህ አገር አረንጓዴነት እንዲህ ነው። ሲያዩት ገነት፣ ሲገልጡት ግድግዳ። በእንግሊዞች ዘመን በደሴቲቱ ላይ ከ300,000 የሚበልጡ አፍሪካውያን ለሸንኮራ አገዳ ሲባል በባርነት ይኖሩ ነበር። በታኅሣሥ 1831 እ.ኤ.አ.፣ ራሱ በባርነት ያለ ሳም ሻርፕ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ፣ የገና በዓል ሲያልፍ ያለ ደመወዝ አንሠራም እንበል ብሎ ባልንጀሮቹን አስተባበረ። አድማው ወደ እሳት ተለወጠ። የተነሣውም እዚሁ፣ ሞንቴጎ ቤይ ባለችበት በሴንት ጄምስ አውራጃ ነው። ሻርፕ በግንቦት 1832 በከተማዋ አደባባይ ተሰቀለ። በዓመቱ የእንግሊዝ ምክር ቤት ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ሲያወጣ ለባለንብረቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መደበ፤ ለባሮቹ ግን አንድም ሳንቲም አልሰጠም። ዛሬ ሻርፕ ብሔራዊ ጀግና ነው፤ የተሰቀለበት ከተማ አደባባይም በስሙ ይጠራል።

ከገመዱ ወርደን ወደ ፈረሶቹ ሄድን። እዚህ ላይ ልጄ ዝም አለች፣ እኔ መናገር ጀመርኩ። አባቴ በጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከአገው ፈረሰኞች ጋር ሜዳ የሚወጣ ሰው ነበር። እኔም ከመራመዴ ብዙም ሳልቆይ ኮርቻ ላይ ወጥቻለሁ። የሰጡኝ ፈረስ ዳማ ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ዓይኑ የተሰላቸ፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት መንገድ የሚመላለስ። «ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው» ማለት ለእሱ የተነገረ ይመስላል። ስሙን ጠየቅሁ። «ሹገር» አሉኝ። ስኳር! ከዚያ ወፍጮ ሥር፣ ስኳር የተባለ ፈረስ።

ነገሩን ላሰበው ፈረሱም ሸንኮራውም የመጡት ከሌላ አገር ነው። ኮሎምበስ በ1493 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ካሪቢያን ሲመጣ ሁለቱንም በመርከብ ጭኖ ነበር። ማንጎው፣ የዳቦ ፍሬው፣ ለቁርስ የበላነው አኪ የሚሉት ፍሬ፣ ሁሉም በባሕር የመጣ ነው። ሰዉም በባሕር መጣ፤ ተገዶ፣ ታስሮ። የጥንቶቹ ባለቤቶች ታይኖዎች በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ አልቀው፣ የቀሩት መጤዎች ናቸው።

ፈረሱ አልንቀሳቀስ ሲል ሳላስበው «ቼ!» አልኩት። ከፊት የነበረው የፈረሶቹ ሹም ዞር አለ። ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሸበት ያለ ረጅም ሹርባውን በክር ቆብ ውስጥ የሰበሰበ ሰው ነው።

«ምን ቋንቋ ነው የተናገርኸው?»

«አማርኛ።»

ቆቡን አወለቀ። ሹርባው ትከሻው ላይ ወረደ። ከዚያ፣ አንዷንም ፊደል ሳይስት፣ «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ። ልጄ እኔን አየችኝ።

ከዚያ በኋላ ፈረሱን ከፈረሴ ጎን አደረገና እያወራን ወረድን። እናቱ በልጅነቷ ጃንሆይን አይታቸዋለች። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን የከበበበት ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ሞንቴጎ ቤይ መጥተው ነበር። እናቱ ያየቻቸው ያኔ ነው፤ እጃቸውን በመስኮት በኩል። አያቱ ግን ያቺን ቀን የተቀበሏት በተላጨ ራስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን፣ ጠዋት በአውቶቡስ ስንመጣ በአጠገቡ ባለፍነው ኮራል ጋርደንስ በተባለው ሰፈር ብጥብጥ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፖሊስና ወታደር ራስታ የተባለውን ሁሉ እያደነ አሠረ፣ ደበደበ፣ ፀጉሩን ላጨ። የጃማይካ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። አያቱ አልደረሱበትም።

እኔም በተራዬ ያለኝን ሰጠሁት። በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እንደሚባሉ ነገርኩት። «እሳቸውስ?» አለኝ። «አባ ጠቅል» አልኩት። ፈረሱን አቆመ። «የንጉሡን የፈረስ ስም ማንም ነግሮኝ አያውቅም» ብሎ ደጋግሞ ለአፉ አለማመደው። ቅሩ ሲያስቸግረው ልጄ አረመችው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ከኮርቻ ላይ አማርኛ አስተማሪ ሆነች።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ኮርቻው ተፈታ። ያለ ኮርቻ ሆነን ወደ ውኃው ገባን። ሹገር ውኃው ደረቱ ሲደርስ ስልቹነቱ ጠፋ። እግሩ መሬት ሲለቅ ተሰማኝ፤ ከሥሬ ያለው ትልቅ ገላ መራመዱን ትቶ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ፣ ትንፋሹም ከበሮ ሆነ። ስለ ፈረስ ብዙ አውቃለሁ ብዬ ነበር የምኖረው። ሲዋኝ ግን ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ጋማውን ጨብጬ እንደ ልጅ ሳቅሁ። ልጄ ከወዲያ «አባዬ!» እያለች ትጮሃለች። ለዚያች ሩብ ሰዓት ብቻ ቢሆን የከፈልሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ከውኃው ወጥተን ፈረሶቹ ሲደርቁ፣ ሰውዬው አሸዋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የጠየቀኝ።

«ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው። ብመጣ የሚቀበለኝ አለ?»

ቶሎ አልመለስሁለትም። እያለሳለሱ «እንዴታ!» ማለት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እኔ ወደ ሆቴሌ ነኝ፣ እሱ በቃሌ ተሳፍሮ ይቀራል። ስለዚህ የማውቀውን ነገርኩት። ጃንሆይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት 5 ጋሻ እንደነበር፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ የእነሱም አብሮ እንደሄደና ጥቂት ብቻ እንደቀረላቸው፣ እዚያ የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ለብዙ ዓመታት ያለ ወረቀት እንደኖሩ፣ መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. እንደሆነ።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ ፈገግ አለ። «ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ጓደኛዬ እዚያ ነው ያለው። እኔ መንግሥትን አልጠየቅሁህም፤ ሰውን ነው። ዛሬ እኔ አንተን የተቀበልሁህ ስለከፈልህ ነው፤ ሥራዬ ነው። እኔን ሳልከፍል የሚቀበለኝ ሰው አለ ወይ?»

ጠዋት የያዝኋት ጥያቄ በእሱ አፍ ተመለሰችልኝ። በተማሪነቴ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ አውቶቡሱ ሻሸመኔ ቆሞ ያየሁትን አስታወስሁ። ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ልጆች አንድን ሽማግሌ «ጃማይካ! ጃማይካ!» እያሉ ይከተሏቸዋል፤ ግማሾቹ በፍቅር፣ ግማሾቹ በፌዝ። ሽማግሌው ደግሞ በአማርኛ ይቆጧቸዋል። ይህንንም ነገርኩት። «ፀጉርህን አይቶ የሚስቅ አለ። ሃይማኖትህን ሰምቶ የሚከራከርህ፣ ንጉሡን አምላክ ስትል የሚደነግጥ አለ። ብዙ ዶላር ይዘህ የመጣህ የሚመስለውም አይጠፋም። ከመካከላቸው ግን አንዱ ቡና ያፈላልሃል። ሦስት ጊዜ ሳትጠጣም አይለቅህም።»

«ሦስት ጊዜ?»

«አቦል፣ ቶና፣ በረካ።»

እነዚህንም እየደጋገመ አጠና። የሻይ የሰጠሁትን ዶላር ያለ ማቅማማት ኪሱ ከተተ፤ ሥራው ነውና። ከዚያ የፈረሶቹ ኮርቻ ማሰሪያ ከተቀመጠበት ሣጥን ወረቀት አምጥቶ የአንድ ሰው ስልክ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የእህቴን ቁጥር ጻፍሁ፤ አዲስ አበባ፣ ገርጂ።

አውቶቡሷ ውስጥ ግን ነገሩ ከበደኝ። 26 ዓመት በሌለሁበት አገር፣ በማልኖርበት ቤት፣ በሌላ ሰው ከሰልና ጀበና ቃል መስጠቴ ነበር። ደግነት እንደ እርሻ ነው፤ በየዓመቱ ካልታረሰ ዳዋ ይውጠዋል። ያ የእግዜር እንግዳ የሚያስተናግደው ደጅ አሁንም ክፍት ይሁን፣ ወይስ እኔ ይዤው የወጣሁት ትዝታው ብቻ ይሁን፣ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ክፍላችን እንደገባን ደወልሁ። እዚያ ሌሊት ሊሆን ተቃርቧል።

ለእህቴ ሁሉንም ተረክሁላት፤ ገመዱን፣ ፈረሱን፣ ሰውየውን። ረጅም ፀጉር እንዳለው፣ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት ሊመጣ እንደሚችል፣ ስልኳን እንደሰጠሁት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ልጄ ስልኩ ላይ ጆሮዋን ደቅናለች።

«የሚመጣው በጾም ነው በፍስክ?» አለች እህቴ።

«እንጃ። ሥጋ ግን አይበላም፤ እምነቱ አይፈቅድለትም።»

«ታዲያ ጾመኛ ነው በለኛ» አለች። «ምን ያስቸግራል? ይምጣ።»