የቀትር ዕረፍት ለሰውም ለመሣሪያም

ለሠራተኛ ሰው «እንቅልፋም» ከመባል የሚከብድ ስድብ ጥቂት ነው። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ቃል ስንፈራ ኖረን፥ በቀን ጋደም ማለትን ከስንፍና ቈጥረን፥ በመምህርነት ባገለገልንበት ዘመን ሁሉ ከምሳ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ዐይናችንን አልከደንንም እያልን እንመካ ነበር። ይህ ትምክሕት ምን እንዳደረሰብንና ከዚያም ምን እንደ ተማርን ብንጽፈው ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናስባለን።

ጡረታ ከወጣን በኋላ የሠፈራችን ዕድር ጸሓፊ እንድንሆን መረጠን። መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፕዩተር ተዛውሮ ነበርና፥ ምሳ በልተን እጃችንን እንደ ታጠብን ወዲያው ከመሣሪያው ፊት እንቀመጣለን። ራሳችን ወደ ፊት ሲያዘነብል ቡና እናስፈላለን፤ ቡናውም አልበቃ ሲለን ፊታችንን በቀዝቃዛ ውሃ እንታጠባለን። መሣሪያውንም ቢሆን እንደ ራሳችን አናሳርፈውም ነበር፤ ብናጠፋው የጀመርነው ገጽ አብሮ የሚጠፋ እየመሰለን ቀንና ሌሊት በርቶ ይኖራል፤ ማራገቢያውም እንደ ደከመ ሰው ሲያቃስት ይሰማል።

ከዕለታት አንድ ቀን የአንዲት እናት ባለቤት ዐረፉ። ከዕድሩ የሚገባቸው ገንዘብ ሲጠየቅ ግን፥ መዝገባችን የሦስት ወር ክፍያ እንዳልከፈሉ አሳየ፤ ገንዘብ ያዡም ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እጁን ሰበሰበ። እኒያ እናት ከለቅሶው መካከል ተነሥተው መጡና፥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት የነበረውን የዕድር ደብተር ፈትተው ዘረጉልን። «ይህ የእርስዎ እጅ ጽሕፈት አይደለምን?» አሉን። የእኛው እጅ፥ የእኛው ፊርማ ነበር። መዝገቡን ብንመረምር የእርሳቸው ክፍያ በቀጥሎው መስመር በሌላ ሰው ስም ገብቶ አገኘነው። በየቀኑ ለይተን የምናስቀምጠው ቅጂ ሰዓቱን ስለሚይዝ፥ ስሕተቱ የገባው ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም እንደ ነበረ ታወቀን። ገንዘቡ በዚያው ቀን ተከፈለ፤ ነገር ግን ለቀስተኛ በተቀመጠበት ድንኳን «ዕዳ አለባት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ተሰምቶ ነበር። ስለዚህ ከድንኳኑ መካከል ቆመን ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ ተናገርን። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ከዐይናችን ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ማንበብ ጀመርን። የሰው አካል በሀገራችን አቈጣጠር ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በተፈጥሮው ይዝላል፤ ከባድ ምሳ ያብሰዋል እንጂ መነሻው ምሳው ብቻ አይደለም። ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍን ስሜት ያበረታል፤ ቡና የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ለጊዜው ይጋርደዋል እንጂ አያስወግደውም፤ የሚያቃልለው እንቅልፍ ነው። ናሳ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ በረዥም ጕዞ ላይ ያሉ አብራሪዎች በተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ ተፈቅዶላቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኙ፤ እነርሱም ካላረፉት ባልንጀሮቻቸው ይልቅ እስከ ማረፊያው ድረስ ንቁዎች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ ለካ አዲስ አይደለም። እስፓንያውያን የቀትር እንቅልፋቸውን «ሲየስታ» የሚሉት ስድስተኛ ሰዓት ከሚለው የላቲን ቃል ወስደው ነው፤ የጥንት ሮማውያንም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ይቈጥሩ ነበርና ስድስት ሰዓታቸው ቀትር ነበረ። ቅዱስ ኤልያስም ተስፋ ቈርጦ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ፥ መልአኩ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት እንጂ ስለ መተኛቱ አልገሠጸውም። እኛ ግን የአባታችንን ምሳሌ እንኳ ዘንግተን ነበር፤ እርሳቸው በቀትር በሬዎቻቸውን ከቀንበር ፈትተው ወደ ጥላ ሳያስገቡ፥ ራሳቸውም ጋቢያቸውን ተከናንበው ሸለብ ሳያደርጉ አይውሉም ነበር።

የመሣሪያውን ነገር ያስተማረን የልጅ ልጃችን ነው። ኮምፕዩተር «ስሊፕ» በሚባለው ትእዛዝ ሲተኛ፥ መስኮቱ ይጨልማል፥ ዋናው አንጎሉ ሥራውን ያቆማል፥ የጀመርነው ገጽ ግን «ራም» በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ተጠብቆ ይቈያል፤ ለዚህም ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ይበቃዋል። ቍልፉን ስንነካው ካቆምንበት ይቀጥላል። በመስኮቱ ላይ ሥዕል እያንቀሳቀሱ መተው ግን ዕረፍት አይደለም፤ መሣሪያው ያን ጊዜም ይሠራል። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. «ኤነርጂ ስታር» የተባለውን ምልክት ሲያወጣ ከኮምፕዩተርና ከመስኮቱ የጀመረው፥ ሥራ ፈትተው የሚበሩ መሣሪያዎች የሚያባክኑትን ኃይል ለመቀነስ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም በልክ ይሁን። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሠፈር፥ ባትሪ የሌለው ኮምፕዩተር ተኝቶ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማስቀመጥ፥ ኋላ ማስተኛት ይገባል። አልፎ አልፎም ፈጽሞ አጥፍቶ ማስነሣት ያሻል። የሰውም እንቅልፍ ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ከባድ እንቅልፍ ይወስድና የሚነሣው ሰው ፈዝዞ ይነሣል። የሌሊት እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው የቀኑን ይተው፤ ሌሊት በቂ ተኝቶ ቀን ዘወትር የሚያንቀላፋም ሐኪም ይጠይቅ።

አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ጋደም ማለት በጀመርንበት ሳምንት ከማድ ቤት የሳሕን ድምፅ ይሰማን ነበር። እኛ ስናርፍ ባለቤታችንና የቤት ሠራተኛችን ቆመው ያጥቡ ነበር። የአባት ሸለብታ በእናት ድካም የሚገዛ ከሆነ ዕረፍት ሳይሆን ግፍ ነው። አሁን ሳሕኑ እስከ 8 ሰዓት ይቈያል፤ ቤቱም ሁሉ ጸጥ ይላል።

እኒያ እናት ባለፈው ወር ክፍያቸውን ይዘው 7 ሰዓት ተኩል ላይ መጡ፤ በሩን የከፈተላቸው የልጅ ልጃችንም ተኝተናል ብሎ ነገራቸው። እርሳቸውም «አትቀስቅሰው፤ ዐርፎ ይጻፈው» ብለው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።