መጀመሪያ መሙያው

ከመኪና ጋር የነበረኝ ዝምድና የተሳፋሪነት ብቻ ነው። መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፣ ሒሳብ እከፍላለሁ፣ "ወራጅ አለ" እላለሁ፤ አለቀ። ባለፈው መስከረም ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ አጎቴ ዶልፊን ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ባትሪ ሳበራ ዋልኩ። ጋዜጠኝነት የተማርኩት ለዚህ ነበር እንዴ? ቆዩኝማ፣ ላጫውታችሁ።

አጎቴ በዚያች አሮጌ ቶዮታ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ሰው ያመላልሳል። ነሐሴ ላይ መንገድ የሞላ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ቆመችበት፤ ተጎትታ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍጥነት ስትጨምር ከኋላ እንደ ሙሾ አውራጅ "ዋይ" ትላለች። መስከረም 21 ደግሞ የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ተሳላሚዎቹ ቀብድ ከፍለዋል፤ ቀብዱ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሆኗል። እንመልስ ቢባል የሚመለስ ነገር የለም።

ድምፁ የዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻል ማለት በኋላ ጎማዎች መካከል ሆዱን ነፍቶ የሚታየው ብረት ነው። ከሞተር የመጣውን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች ያካፍላል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርጋቸውም እሱ ነው። ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ላዩ ላይ ትንሽ መተንፈሻ አለው። የሞቀ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውስጡ ያለው አየር ይሸማቀቅና ውሃውን ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ቁርጥ ማኪያቶ ይመስላል። ለብረት ጥርስ ማኪያቶ አይስማማም፤ ቶሎ መቀየር አለበት።

ለመቀየር ሁለት ቡሎኖች አሉ፤ ከታች ማፍሰሻው፣ ከጎን መሙያው። ሁለቱም በ24 ቁጥር መፍቻ ይፈታሉ። ይፈቱ ነበር ማለት ይሻላል። ደሴ ያሉ ልጆች የላላ መፍቻ አስገብተው ሲታገሉ፣ ስድስት ማዕዘን የነበረው የማፍሰሻው ራስ ተልጦ እንደ ሳንቲም ክብ ሆነ። "ሙሉ ዲፈረንሻሉ ይቀየር" ተባለ። አጎቴ ዋጋውን ሲሰማ ምንም ሳይናገር መኪናዋን አስነስቶ ሐይቅ ተመለሰ።

ሐይቅ ላይ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ከመኪናዋ ሥር ገቡና፣ የተላጠውን ቡሎን አይተው እንዳላዩ አልፈውት የጎኑን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ጀመሩ። አጎቴ አላስቻለውም።

"ጋሼ፣ የታመመው የታችኛው ነው እኮ!"

"አየሁት። ዘይቱን ካፈሰስኩ በኋላ መሙያው አልከፈት ቢለኝ መኪናህን በምን ልታስነሳት ነው? በምራቅህ?"

ዝም አልን። ዙሪያውን ናፍጣ አጠጡት፣ ራሱን በማርቴሎ ደጋግመው ኳ ኳ አደረጉት፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሽ መፍቻ ልክክ አድርገው አስገቡ። ባለ አሥራ ሁለት ጥርሱን ለምን እንዳልመረጡ ጠየቅኩ። "እሱ ጫፍ ጫፉን ነው የሚነክስ፤ ይሄ ጎኑን አቅፎ ይይዛል" አሉኝ። ቡሎኑ ትንሽ አጉረመረመና ዞረ።

"አሁን ሌሊት ትተኛለህ" አሉት አጎቴን። "የታቹ እምቢ ቢል እንኳን ቀጭን ቱቦ ከትቼ በዚህ በኩል እስበዋለሁ።"

ይሄኔ ነው ውጫሌ ትዝ ያለችኝ። አትሳቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው "ይቻላል" ሲል፣ በጣሊያንኛው "ግድ ነው" ሆኖ ተገኘ፤ ጭቅጭቁም እስከ አድዋ አደረሰ። እኛም ለሦስት ሳምንት የታችኛው ቡሎን መከፈቱ ግድ ነው ብለን ስናብድ ነበር። ለካ ይቻላል ነው! እኚህ ሰው ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ዳዶውን ሁሉ በጣሊያን ስም እየጠሩ፣ ትርጉሙን ግን በአማርኛው አንቀጽ ነበር የያዙት።

ታዲያ በላይ በኩል ስበው ለምን አልተውትም? ውሃ ከዘይት ይከብዳል፤ ከብረት ብናኙ ጋር ታች ይተኛል። ቱቦ ሁሉንም አጥርቶ አያወጣውም። ስለዚህ ሞከሩ። መጀመሪያ ስካርፔሎ በቡሎኑ ጠርዝ ላይ ተክለው በሚፈታበት አቅጣጫ መቱት። ንቅንቅ የለም። ከዚያ አጠገባቸው ያለው በያጅ ተጠራ። ናፍጣው ተጠራርጎ ደረቀ፣ የመኪናው ባትሪ ተነቀለ፣ አሸዋ በባልዲ ቀረበ። የብየዳው መሬት ሽቦ እዚያው ቡሎኑ አጠገብ ተነከሰ፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ እንዳይበላቸው ነው። በተላጠው ራስ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በቀዳዳው ውስጥ በየዱት። ትንሽ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁና መፍቻ አስገቡ። ሙቀቱ ዝገቱን አላቆት ኖሮ "ቅርር" ብሎ ወጣ።

ዘይቱ እውነትም ማኪያቶ ነበር። የቡሎኑ ማግኔት ላይ እንደ ተወቀጠ ኑግ ያለ ጥቁር ልጥልጥ ተጣብቋል። መካኒኩ በጣታቸው አሹት፤ ስባሪ ጥርስ የለበትም። "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ከዚያ ጠየቁ፤ "ማነው እንዲህ አርጎ ያጠበቀው?"

ሙያዬ ተነሳብኝ። ማን? መቼ? ለምን? የደሴዎቹ ልጆች የላጡት ስላልተፈታላቸው ነው፤ ቀድሞ ያጠበቀው ግን ማነው? ወደ አጎቴ ዞርኩ። አጎቴ ደግሞ እኔን ያየኛል።

አስታወስኩ። አምና ፋሲካ ሰሞን ማፍሰሻው ያንጠባጥብ ነበር። አጎቴ መፍቻውን አስገብቶ፣ እጀታው ላይ የውሃ ቱቦ ሰክቶ፣ "ነይ እስቲ ውጪበት" አለኝ። ወጣሁበት። ዘልዬበታለሁም። ፎቶ ሁሉ ተነስቻለሁ፤ መፍቻ የጨበጥኩበት፣ በጣም የምወደው ፎቶዬ ነው።

ተናዘዝን። ሽማግሌው ከቡሎኑ አንገት ላይ የተጨፈለቀች ስስ ሮንዴላ ፈልቅቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ያንጠባጠበው እሷ ስላለቀች ነው። ቡሎኑ በተፈታ ቁጥር መቀየር ያለባት እሷ ነበረች፤ እኛ ብረቱን አሰቃየነው። ከሰው ክብደት ጋር አንድ ሜትር ቱቦ የጨመርንበት ቡሎን፣ ዓመቱን ሙሉ ነፃ የሚያወጣውን ሲጠብቅ ከርሟል።

አዲስ ቡሎንና አዲስ ሮንዴላ ገባ። 90 ቁጥር ዘይት በመሙያው በኩል እስኪገነፍል ተሞላ። መካኒኩ በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጃቸው አጠበቁና "በቃ" አሉ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ቢጨምሩበት?" አለ አጎቴ።

"ያን ጊዜም የጨመራችሁት ትንሽ ነበር።"

ድምፁ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ውሃው ከኩሽኔታው አንዱን ሳይነካው እንዳልቀረ ነግረውናል፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ዳግም እንዲቀየር አዘዋል። መኪናዋ ግን ግሸን ደርሳ ተመለሰች፤ ቀብድ የመለሰ የለም። ስንነሳ ሽማግሌው ለዙሁር ሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር። ቀና ብለው "ለእኔም ድርሻዬን ሳሙልኝ" አሉን። ስሜላቸዋለሁ።

ቱቦውን አጎቴ የበረት መቀርቀሪያ አድርጎታል። ፎቶውን አላጠፋሁትም። ሮንዴላዋም ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶዎቼ ጋር አለች።