ድጎማው ሄደ፣ ገበያው ግን አልመጣም

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን የማዳበሪያ ድጎማ ይነሳ አይነሳ በሚል ለሁለት ከፍለው ሲያከራክሩን፣ እኔ የደረሰኝ «ይነሳ» ባዩ ወገን ነበር። ድጎማ ብዙ መሬት ላለው ብዙ፣ ለድሃው ጥቂት ይሰጣል፤ ውድድር ይሻላል አልኩ። ተጨበጨበልኝም። ለእረፍት ከመካነ ሰላም ወጣ ወዳለው ቀያችን ስገባ ይህንኑ ለአባቴ በኩራት ባወራው፣ «አንተ ጊደሪቱን አታውቃትማ» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ ማዳበሪያ እንዳይሰቀል መንግሥት መደጎም ጀመረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ፣ በአበዳሪዎች ግፊትም ጭምር፣ ድጎማውን አነሳ። የግል ነጋዴ ይገባል፣ ውድድር ዋጋውን ያረጋጋዋል ተባለ።

አባቴ ግን የሚያማርጠው ነጋዴ አላየም። መዝግቦ በብድር የሰጠው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ እዳውን የሰበሰበውም ቀበሌ ነው። ለብድሩ ዋስ የሆኑት የክልል መንግሥታት ስለነበሩ ገበሬው ያልከፈለው ከክልሉ በጀት ይቆረጣል፤ ሰብሳቢው ታዲያ ከየት አምጥቶ ይራራ? በዚያ ዓመት ጤፉን በአጨዳ ሰዓት የመጣ ዝናብ መታው። በጥር 1990 ዓ.ም. እዳው ሲጠየቅ ጊደሪቱ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ተነዳች። እኔ ገና አልተወለድኩም። እናቴ እስካሁን ቀለሟን ታነሳለች።

መምህሬ ይቆጡኝ እንደሁ እንጃ እንጂ፣ እኛ ክፍል ውስጥ የተከራከርነው ስለ ዋጋ ብቻ ነበር። ሻጩ፣ አበዳሪውና ሰብሳቢው አንድ ሆኖ ሳለ ድጎማውን ብቻ ማንሳት ገበያ መክፈት አይባልም። ድጎማውም ቢሆን ቀርቶ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲሰቀል መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላም ቀጠለ። ብር በተዳከመ ቁጥር ወደ 1985 እንመለሳለን ማለት ነው።

«አንተ ብትጠየቅ ምን ትል ነበር?» አልኩት አባቴን።

«እዳውን በታኅሣሥ አትጠይቁን እላለሁ። እህል ሲረክስ ሸጠን፣ በነሐሴ በእጥፍ ገዝተን እንበላለን።»

«ድጎማውስ?»

«ቢኖር ማን ይጠላል» አለና በሬዎቹን ሊያጠጣ ወጣ።