እማዬ «ጉብታ» ያለችው ተራራ

ባለፈው ዓመት ትልቁ ልጄ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ለጢዩል አርቤል ተራራ ሄዶ ነበር። ማታ ሲመለስ አያቱ እንደ ልማዷ አጠገቧ አስቀመጠችውና «እስቲ ንገረኝ፤ ምን አየህ?» አለችው። ልጁ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አማርኛ ይሰማል፤ መናገር ላይ ግን ይቸገራል። «በጣም ትልቅ…» ብሎ ጀመረና ቃሉ ጠፋው። እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ታች ለቀቀው። «ቁልቁለት ነው?» አለችው። «አይደለም።» «ግንብ ነው?» «አይደለም።» በመጨረሻ በዕብራይስጥ «ጹክ!» አለና ተናዶ ወደ ክፍሉ ገባ።

«ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ።

«ገደል ነው ያለው፣ እማዬ።»

«ገደል? ገደል ለማየት ነው አውቶቡስ የሚከራዩት?»

ሳቅን። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። እሷ የስሜን ሰው ናት፤ ገደል አጠገብ ነው ያደገችው። እሱ ደግሞ ገደል አይቶ መጥቶ ለእሷ የሚነግርበት ቃል አጣ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ እንዲህ መራራቃቸው አሳዘነኝና፣ ዘንድሮ ከፔሳሕ በፊት ሁላችንም አብረን እንድንሄድ ወሰንኩ።

ችግሩ የእማዬ ጉልበት ነው። ሐኪሟ «በእግርሽ ተንቀሳቀሺ» ሲላት «ከስሜን እስከ ሱዳን በእግሬ ሄጃለሁ፤ የዕድሜ ልኬን ጨርሻለሁ» ትለዋለች። ደግነቱ አርቤል ሁለት በር አለው። አንደኛው ከላይ ነው፤ በሞሻቭ አርቤል በኩል በመኪና እስከ ብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ይደረሳል። ከዚያ እስከ ሐሩብ ሚጽፔ ድረስ ያለው መንገድ ድንጋያማ ቢሆንም አጭር ነው። ሁለተኛው ከታች፣ ከሐማም መንደር ተነስቶ ገደሉን ተከትሎ የሚወጣው ነው። ወንድሜ እማዬን በላይ በኩል ይዟት ሊመጣ፣ እኔ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ከታች ልወጣና ጫፉ ላይ ልንገናኝ ተስማማን።

ሐማም በዐረብኛ ርግብ ማለት ነው። ማለዳ ስንደርስ እውነትም ርግቦቹ ከገደሉ ጉድጓዶች እየወጡ ይበሩ ነበር። መነሻው ከባሕር ወለል በታች ነው። ይህን ለትንሿ ልጄ ስነግራት «እንግዲያ ውኃ ውስጥ ነን!» ብላ ትንፋሿን ያዘች። ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመር የተቀባባቸውን ድንጋዮች ተከትለን ወጣን፤ አገሪቱን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጠው የእስራኤል ሽቪል ምልክት ነው። በየካቲትና በመጋቢት አካባቢው ይለመልማል፤ ቀያይ ካላኒዮት በድንጋዮቹ መካከል ይፈካሉ። ቋጥኙ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሰው ሲቀርባቸው ፉጨት አሰምተው ይገባሉ።

ግማሽ ላይ ዋሻዎቹ ይጀምራሉ። ከፊታቸው በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተገነባ ምሽግ አለ፤ ዋሻዎቹ ግን ከእሱ እጅግ ይቀድማሉ። ዮሴፉስ እንደጻፈው፣ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ38 ሄሮድስ አገሩን ሊይዝ ሲመጣ ያልገዙለት አይሁዶች ቤተሰባቸውን ይዘው እዚህ ተሸሸጉ። ወታደር ከታች መውጣት ስላልቻለ፣ ሄሮድስ ወታደሮቹን በትልልቅ ሣጥኖች አድርጎ ከገደሉ ጫፍ አወረዳቸው። አንድ ሽማግሌ ሰባት ልጆችና ሚስት ነበሩት። እጃችንን እንስጥ ብለው ሲለምኑት አንድ በአንድ ወደ ዋሻው ደጅ እየጠራ ገደላቸው፤ በመጨረሻም ራሱን ወደ ታች ወረወረ።

ከምሽጉ በላይ መንገዱ ይጠብባል። ቋጥኙ ላይ የብረት መያዣና ገመድ አለ። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሦስት ጊዜ በጥብቅ ይዞ አንድ እርምጃ መራመድ ይሻላል። በልጆች እርምጃ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን።

ጫፍ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ልጄ ቀና አለና ቆመ። ከላይ፣ መንገዱ ከሚወጣበት ቦታ ነጭ ነጠላ ይታያል። እማዬ ሚጽፔው ላይ መቀመጥ አልፈለገችም ኖሯል፤ ወንድሜን አስከትላ፣ በትሯን ይዛ ልትቀበለን መጥታለች።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ ልጄ። «ገደል! ገደል ነው!»

«አየሁት፣ ልጄ፣ አየሁት! አንተ ብቻ ከዳሩ ራቅ በል!»

አብረን ወደ ሚጽፔው ተመልሰን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ፔርሙዙ ተከፈተ፤ ቆሎና ዳቦ ወጣ። እማዬ ዙሪያዋን አየችና «ተራራው የታለ?» አለች። የተቀመጥንበት ነው አልናት። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 181 ሜትር ነው። «ይኼማ ጉብታ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ጎንደር ከተማ እንኳን ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ግን ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጫፉ እስከ ውኃው ያለው ልዩነት 390 ሜትር ያህል ነው። ቁልቁል ስታይ እሷም «እሱስ ገደል ነው» ብላ አመነች።

«እኛ ተራራ የምንወጣው ለስግድ ነበር» አለች ቀጥላ። «ባዶ ሆዳችንን፣ ድንጋይ ተሸክመን። ዛሬ በቡና ወጣሁ።» ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነች ጠይቃ፣ ደቡቡን አሳየናት። ለአፍታ ወደዚያው ዞራ ቆመች።

የሽማግሌውንና የሰባቱን ልጆች ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «እኛም አገር እንዲህ ያለ ገደል አለ» አለች። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ የአፄ ሠርጸ ድንግል ጦር ስሜን በገባ ጊዜ ከመማረክ ይልቅ ራሳቸውን ወደ ገደል የጣሉ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ይህን መዝግቦታል። እማዬ ግን መጽሐፉን አታውቀውም፤ ከአባቷ ነው የሰማችው። እየነገረችን ልጄ ቆሎውን ትቶ ያዳምጣል። ያልገባውን ቃል ትንሽ ቆም እያልኩ በዕብራይስጥ እነግረዋለሁ፤ «ገደል» ላይ ስደርስ ግን በእጁ አስቆመኝ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አላት።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ከጫፉ የሚታየው ብዙ ነው። ከታች የጊኖሳር ሜዳና ሚግዳል፣ ከውኃው ማዶ ጎላን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ደግሞ ሄርሞን ይታያል። በሰሜን በኩል ተራራ ላይ የተቀመጠችው ጽፋት ናት። እማዬ በ1984 ስትመጣ መጀመሪያ ያረፈችው እዚያ፣ መርካዝ ክሊታ ውስጥ ነበር። «ይኼን ውኃ ከመስኮቴ አየው ነበር» አለች። «ጣናን ያስታውሰኝ ነበር። ስሙን የሚነግረኝ ግን አልነበረም።» ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ኪኔሬት 170 አይሞላም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም ውኃ ናቸው።

ድሮ ከዚህ ሐይቅ ውኃ ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር፤ ትልቁ የውኃ መስመር ሥራ የጀመረው በ1964 ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጨዉ የወጣለት የባሕር ውኃ በጻልሞን ጅረት በኩል ወደ ሐይቁ እንዲገባ ይደረጋል። «ውኃ ያጠጣ ሲጠማ ይጠጣል» አለች እማዬ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ልጆቹ ሮጡ፤ እኔና እሷ ወደ ኋላ ቀረን። ጉልበቷ ስለያዛት በየጥቂቱ እንቆማለን። ጊዜ ለማሳለፍ አንድ ታሪክ ነገርኳት። በኢየሩሳሌም ታልሙድ ሁለት ሊቃውንት፣ ረቢ ሒያና ረቢ ሽምዖን ቤን ሐላፍታ፣ በዚሁ በአርቤል ሸለቆ ሲሄዱ ጎሕ ሲቀድ ያያሉ። ረቢ ሒያም የእስራኤል መዳን እንደዚህ ብርሃን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ እንደሚመጣ ያስረዳል። እማዬ በትሯን ተደግፋ ሰማችኝና «እሱን እኮ እኛም እናውቀዋለን» አለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

መሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር። ዝናብ በዘነበ ማግሥት የገደሉን መንገድ አትሞክሩ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። በበጋ ከሆነ በማለዳ ጀምሩ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ። ሰንደል አይሆንም፤ የተዘጋ ጫማ አድርጉ። ገደል የሚያስፈራው ሰውና ሕፃን የታቀፈ ሰው በላይኛው በር ይግባ፤ የሚያየው ሐይቅ ያው ነው። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ከመሄዳችሁ በፊት የሚዘጋበትን ሰዓት አጣሩ። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌዎቹን ቤት ትታችሁ አትሂዱ።

መኪና ውስጥ እማዬ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎን ነበር። ጥብርያ ስንደርስ ዓይኗን ሳትገልጥ «ያ በረዶ ያለበት ምን ይባላል?» አለች።

«ሄርሞን» አላት ልጄ።

«እንግዲህ ቀጥሎ እሱ ነው። ተራራ የሚባል ተራራ እንይ።»