በጆርጂያ ጎዳና ቤት ፍለጋ

የባለቤቴና የሰባት ዓመት ልጄ ቪዛ መውጣቱን የሰማሁ ዕለት ደስታዬ ከአንድ ሌሊት አላለፈም። በማግስቱ ከሁለት ወንድሞች ጋር የምጋራትን ቤዝመንት ዙሪያዋን ቃኘሁና “ልጄን የት ላስተኛት ነው?” አልኩ። የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነበር።

ዋሽንግተን ዲሲን የሚያውቅ ሁሉ ጆርጂያ ጎዳናን ያውቀዋል። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይወጣና የከተማዋን ወሰን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል። የእኛ ሰው ኑሮም በዚሁ አቅጣጫ ነው የተጓዘው። ቀድመው የመጡት አዳምስ ሞርጋን 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ተሻገሩ፤ እዚያም ሲወደድ ብዙዎች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ። እኔም በእረፍት ቀኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ ዱካቸውን ተከተልኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ዩ ስትሪት አካባቢ ያለ አዲስ ሕንፃ ነው። ባለ አንድ መኝታው 2,600 ዶላር ነበር። ዋጋው ከአቅሜ በላይ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ሌላውን ሕግ ግን የተማርኩት ከፍዬ ነው። በመንገዱ ላይ ለአምስት ሕንፃዎች እያንዳንዳቸው 50 ዶላር የማመልከቻ ገንዘብ ከፈልኩ። የአምስቱም መልስ አንድ ሆነ፦ ከታክስ በፊት ያለው የወር ገቢ የኪራዩ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ፓርኪንግ ውስጥ በማታ ሥራ የማገኘው 4,700 ዶላር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 1,566። ይህችን ቁጥር አስቀድሜ ባውቃት ኖሮ 250 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ኢንተርኔት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ ሁለት መኝታ በ1,300 ዶላር አገኘሁ። “ባለቤቱ” ለሥራ ውጭ አገር እንዳለ፣ መያዣውን ከላክሁ ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክልኝ ጻፈልኝ። ገንዘቡን ልልክ ስል አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት፦

“ቤቱን ገብተህ አይተኸዋል?” አሉኝ።

“ፎቶውን አይቻለሁ፣ ጋሼ።”

“ልጄ፣ ፎቶ ውስጥ አይታደርም” አሉኝ።

በነጋታው ወደ አድራሻው ሄድኩ። የሕንፃው ቢሮ ስለዚያ ሰው ሰምቶም አያውቅም። የሁለት ዓመት ቁጠባዬ የተረፈው በአንድ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ማየት ትቼ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ከጆርጂያ ጎዳና በስተምሥራቅ፣ ሎንግ ብራንች በሚባለው ሰፈር፣ ሊፍት የሌላቸው ባለ ሦስት ፎቅ የቀይ ሸክላ ሕንፃዎች አሉ። አንዱ ደጅ ላይ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠው አየሁና ሰላምታ ሰጥቼ ችግሬን ነገርኳቸው።

“ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ፤ ገና አላወጡትም” አሉኝ። “ውሃውም ማሞቂያውም ኪራዩ ውስጥ ነው። ግን ማታም መጥተህ እየው፤ ቤት የሚታወቀው ሲመሽ ነው።”

ማታ ተመልሼ ሄድኩ። ደረጃው መብራት አለው፤ ልጆች እስኪመሽ ይጫወታሉ። ባለ አንድ መኝታው 1,550 ዶላር ነው። ማመልከቻ ከመሙላቴ በፊት የገቢውን መጠን ጠየቅሁ፤ በጥቂት ዶላር አለፍኩ።

እዚህ ሰፈር የሚፈልግ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 23 ዓመት የሞላቸው የአብዛኞቹ ኪራይ ቤቶች ዓመታዊ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳያልፍ ደንግጓል። በሜሪላንድም ከኦክቶበር 2024 ወዲህ መያዣው በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ደግሞ ከ2025 በጋ ጀምሮ በነፃ ነው። እኔን እስከ ባቡር ጣቢያው የሚያደርሰኝ እሱ ነው።

ቤተሰቤ ሲመጣ ልጄ ሳሎን ውስጥ በዘረጋሁላት ፍራሽ ላይ ተኛች። ጠባብ ነው፤ የልብስ ማጠቢያውም ምድር ቤት ነው። ግን ኪራይ ተከፍሎ ለወተቷና ለጫማዋ ይተርፋል። ርካሽ ቤት ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ስትፈልጉ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ከኪራዩ በኋላ የሚቀራችሁን ቁጠሩ። ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ካያችሁም ሰላም ሳትሉ አትለፉ።