መዝገብ ያላወቃቸው ብሎኖች

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በአፍንጫው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ትንሽ ሴንሰር ነበረው፤ አፍንጫው ከሚመጣው አየር አንጻር ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ። የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15 አካባቢ ነበር። አንደኛው መሳሳቱን ማንም ያውቃል። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ግን የግራውን ብቻ አምኖ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው። ሁለት ምስክር ቀርቦለት በአንዱ ቃል ብቻ የፈረደ ዳኛ ማለት ነው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰው አለቀ። አሁን የሁለቱ ልዩነት ከ5.5 ዲግሪ ካለፈ ኤምካስ ሥራውን ያቆማል። ይህ ያኔም ይቻል ነበር፤ ሁለተኛው ሴንሰር ኋላ የተጨመረ አይደለም።

*

ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ፣ የማክስ አብራሪዎች የሲሙሌተር ስልጠና የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ ብሎ ውል ገብቶ ነበር። ኤምካስ ከአብራሪዎች መመሪያ መውጣቱን ከዚህ ውል ነጥዬ ማየት አልችልም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ጃቫ ባሕር ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ አብዛኛው የማክስ አብራሪ ስሙን እንኳ አልሰማም።

*

ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው ምልክት፣ አየር መንገዱ ሌላ መለኪያ ለብቻው ከፍሎ ካላስገጠመ አይሠራም ነበር። ቦይንግ ይህን እ.ኤ.አ. በ2017 አወቀ። ማስተካከያውን ለ2020 ቀጠረው።

*

«ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ ነው የበረረው» የሚለው ወሬ ዛሬም ያንገበግበኛል። እነዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ልጆች ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በመጣው መመሪያ መሠረት የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር አጥፍተዋል። የቀራቸው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለውን፣ ነጭ መስመር የተቀባበትን ጥቁር መዘውር በእጅ ማዞር ነበር። አልዞር አለ። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጅራቱ ላይ የሚያርፈው የአየር ጫና መዘውሩን ከሰው ጉልበት በላይ ያደርገዋል። ፍጥነቱ ለምን አልተቀነሰም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን መሪው እጃቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ፣ አፍንጫው ወደ ታች እየተጎተተ የታገሉትን ሰዎች የጥያቄው መነሻ ማድረግ ግፍ ነው።

*

ታኅሣሥ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከፖርትላንድ የተነሳ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 15 ሺህ ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ሳለ የጎኑ በር መድፈኛ ተገንጥሎ ሄደ። ልክ አጠገቡ ባለው መቀመጫ ላይ ሰው አልነበረም፤ ማንም አልሞተም። መድፈኛውን የሚይዙት አራት ብሎኖች አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ሲወጣም አልነበሩም። በቦይንግ ሬንተን ፋብሪካ ውስጥ፣ የተበላሹ ሪቬቶችን ለመጠገን ተብሎ መድፈኛው ተከፍቶ ነበር። በአውሮፕላን ጥገና ሥራ መፍቻ እንኳ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል፤ አንድ ከጎደለ እስኪገኝ ይፈለጋል። የዚያ መድፈኛ መከፈት ግን የትም አልተጻፈም። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ብሎኖቹ መግባታቸውን ሳያይና ሳይፈርም ሥራው አይዘጋም ነበር።